በሙጃ መንገድ የቀበርነው ጎማ

ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ሣር የበቀለባት ትንሽ የአፈር ጉብታ አለች። የማያውቃት መንገደኛ መቃብር ትመስለውና ያማትባል። ያማትብ፤ ማማተብ አይጎዳም። ከሥሯ የተኛው ግን ሰው አይደለም፣ የመኪናዬ ትርፍ ጎማ ነው። «ጎማ ይቀበራል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም በፊት ብትነግሩኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

አስናቀ እባላለሁ። ላሊበላ ውስጥ ቱሪስት የማመላልስ ሹፌር ነበርኩ። በሽታው መጣና እንግዳ ቀረ፤ ጦርነቱ መጣና የቀረውም ጭራሽ ቀረ። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ገባች። አልተጣላንም፤ እዚያ ሥራ አገኘች፣ እኔ ደግሞ «እንግዳው ይመለሳል» ብዬ ቁጭ አልኩ። እሑድ እሑድ በስልክ እናወራለን። ልጄ «አባዬ፣ ምሳ ምን በላህ?» ትለኛለች፤ እኔም ያልበላሁትን እቆጥርላታለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ዝም ይላል። ሬዲዮ ከፍቼ ሌላ ክፍል ውስጥ እቀመጥ ነበር፣ ሰው ያለ እንዲመስለኝ።

የቀረችኝ ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ ነበረች። እሷን ይዤ ጌታሁን የሚባል በያጅ ዘንድ ባሌስትራ ላስጠግን ሄድኩና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወርክሾፕ ሳልወጣ ዓመታት አለፉ። ጌታሁን ከሙጃ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ቃል ሲናገር የሚቆጥብ ሰው ነበር። ባሌስትራውን ሠርቶ ሲጨርስ «ከፍ ብናደርጋትስ?» አለኝ። «እንግዳው ሲመለስ ተራራ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ይፈልጋል፤ ማንም የማይደርስበት የምታደርስ መኪና ያለህ አንተ ብቻ ትሆናለህ።»

ከፍ አደረግናት። ከዚያ ጥርሰ ትልልቅ የጭቃ ጎማ ገባላት። ከዚያ ከፊት የብረት መከላከያ፣ ከመከላከያው ላይ ዊንች፣ ይኸውም ሽቦ ገመድ እየጠቀለለ መኪናን ከጭቃ የሚጎትት ማሽን። ከዚያ ወንዝ ስታቋርጥ ሞተሯ ውኃ እንዳይጠጣ በጋቢናው ጎን ወደ ላይ የሚወጣ የአየር ቱቦ። ከጣራው ላይ ፖርቶመጋላ፣ ከፖርቶመጋላው ላይ የሚዘረጋ ድንኳን። ዕቃው በአንድ ጊዜ አልመጣም፤ ከወዳደቀ መኪና የተፈታ አለ፣ ጌታሁን ከብረት ቀጥቅጦ የሠራው አለ። ሰው ሲያያት ይሳለቅብን ነበር። «አስናቀ፣ ይቺ መኪና መሰላልም ይዛ ትምጣ እንጂ!» ይለኛል አንዱ። ሌላው ቱቦውን አይቶ «እጇን ያወጣችው ልትጠይቅ ነው?» ይላል። ጌታሁን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይስቅና ወደ ብየዳው ይመለሳል።

አሁን ሳስበው መኪናዋ ሰበብ ነበረች። ሁለት ብቸኛ ሰዎች «ና ቤቴ እንቀመጥ» መባባል አይሆንላቸውም፤ «ና ይቺን ብሎን እንፍታ» ግን ይሆንላቸዋል። እንግዳ ባይመጣም ብሎን አይጠፋም።

አንድ ቀን የኋላውን መከላከያ ሲበይድ፣ ቀና ሳይል፣ «ይቺ መኪና የማትደርስበት የለም አይደል?» አለኝ።

«የለም።»

«እንግዲያስ እኔን እናቴ ጎን አድርሰኝ፣ ቀኔ ሲደርስ።»

«ሂድ ወዲያ! አንተ እኔን ትቀብራለህ» አልኩት።

«እሺ በለኝ።»

«እሺ» አልኩት። ብየዳውን ቀጠለ።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ማለዳ ወርክሾፑ ሳይከፈት ረፈደ። ሄጄ በሩን ገፋሁት። ጌታሁን አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቷል፣ ጋቢውን እስከ ትከሻው ስቦ። ሦስት ጊዜ ጠራሁት። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሁለታችንም ቅሬ አልገባንም ነበር። ቅሬ በኛ አገር ሌላው እድር የሚለው ነው፤ ሲሞቱ የሚቀብር፣ ሲያዝኑ አብሮ የሚቀመጥ። ጌታሁን «እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ» ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ «ነገ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ እገባለሁ» እያልኩ ቆየሁ። ጎረቤቱ ግን አልከፋም። አጠቡት፣ ገነዙት፣ ፍትሐቱም ደረሰለት። አጎቱን በስልክ አገኘሁት። ሽማግሌው አለቀሱና «መቃብሩን ከእናቱ ጎን እናስቆፍራለን። አንተ ግን ዛሬውኑ አድርስልን፣ ልጄ። የተከፈተ ጉድጓድ ባዶውን ካደረ ሌላ ሰው ይጠራል» አሉኝ። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ወደ ማታ ሳይል መድረስ ነበረብኝ።

አብሮኝ የሚሄድ ግን ጠፋ። ሽማግሌዎቹ መኪናዋ ላይ መውጣት አቃታቸው፤ አንዱ እግራቸውን አነሱና፣ አወረዱና፣ «አይ፣ ይቺስ የጎረምሳ ናት» ብለው ተመለሱ። ካህናቱ በሱባዔ ላይ ናቸው። ክረምት ነው፣ መንገዱ አያስተማምንም፣ ሁሉም ቤት አለው። እስከ ከተማው ጫፍ ሸኙንና ቀሩ። ጌታሁን በሰሌን ተጠቅልሎ፣ ከቃሬዛው ጋር ታስሮ፣ ከኋላ ተኝቷል። ዝናብ እንዳይነካው ያን ለቱሪስት የገዛነውን ድንኳን ፈትቼ አለበስኩት። በዚያ ድንኳን ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ የተኛው እሱ ሆነ።

መንገዱን ሁሉ አወራሁት። አትሳቁብኝ፤ ከጋቢናው የኋላ መስታወት እያየሁት «ይቺን ኮረብታ አየሃት? በሁለተኛ ማርሽ!» እለዋለሁ። መኪናዋ እንደተባለላት ሆነች። ውኃ ተሻገረች፣ የተናደ ድንጋይ ላይ ወጣች። በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሩቅ አብረን ሄደን አናውቅም ነበር።

ከአንድ ኮረብታ ሥር፣ መንገዱን ጎርፍ በበላበት ቦታ፣ ዳር ዳሩን ልለፍ ስል መሬቱ ከሥሬ ሟሟ። አራቱም ጎማ እስከ ቸርኬው ሰመጠ። ወደፊት አልኩ፣ ወደ ኋላ አልኩ፣ ይብስ ሰመጠች። ሞተሩን አጠፋሁ። ግዴለም፣ ዊንች አለኝ አልኩ። ወረድኩ፣ መንጠቆውን ይዤ ሽቦውን እየዘረጋሁ ወደ ፊት ሄድኩ፣ ቆምኩ።

የምይዘው ነገር የለም።

ዊንች ጉልበቱ ለጉድ ነው፤ ነገር ግን ራሱን በራሱ አይጎትትም። ከፊቱ የሆነ ነገር ይፈልጋል፣ ዛፍ ይሁን ትልቅ ድንጋይ። ዙሪያዬን አየሁ። የላስታን ደጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጤፉና ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ ተራራው መላጣ ነው። ከላዬ ያለውን ኮረብታ ጉም ሸፍኖታል፣ አንድ ግንድ እንኳ አይታይም። ሰውም የለም፤ ፍልሰታ ስለሆነ አገሩ በሙሉ ቅዳሴ ላይ ነው። ስልኩ አይሠራም። እንደኔ ያለ ማን ይኖራል! ያን ሁሉ ዓመት ማንንም እንዳልፈልግ አድርጌ መኪና ሠርቼ፣ አሁን መንጠቆ ይዤ ጭቃ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ መንጠቆዬን የሚይዝልኝ የለም። ከዚያ ቀን በፊት ብቸኝነቴን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እዚያ ጠራሁት። ጮክ ብዬ «ብቻዬን ነኝ» አልኩ፤ ገደሉም ደገመልኝ።

አንድ ዘዴ አውቅ ነበር። በደጉ ዘመን ይዤው የዞርኩ አንድ ፈረንጅ በረሃ ውስጥ የሚያደርጉትን ነግሮኛል፤ ትርፍ ጎማውን ከፊት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ትቀብርና ሽቦውን እሱ ላይ ታስራለህ። ትንሿን አካፋ አውጥቼ ከጭቃው ወዲያ ደረቁ ላይ መቆፈር ጀመርኩ። ከላይ ያለው አፈር ለቀቀ፣ ከሥሩ ድንጋይ ያለበት ደረቅ መሬት ነበር። ፀሐይዋ ከአናቴ እስክታልፍ ቆፍሬ ጉልበቴ ድረስ እንኳ አልደረሰም። የአካፋዋ እጀታ ተሰበረ።

ያን ጊዜ ነው ጉሙ ተገፎ ቀና ስል ከኮረብታው ላይ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ያየኋት። ዙሪያዋን ጥድና ወይራ ከቧታል። የመጀመሪያው ጥድ ከቅጥሩ ወጣ ብሎ ቆሟል፤ ሽቦዬ ይደርሳል። መንጠቆውን እየጎተትኩ ወጣሁ። ዛፉ ሥር ስደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው መውጣት ጀምሯል። ዣንጥላ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከፊቴ ቆሙ።

«እንደምን ዋልህ፣ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ። ይባርኩኝ።»

ባረኩኝ። ከዚያ መንጠቆውን አዩ፣ ዛፉን አዩ። «ይሄ ዛፍ የታቦት ነው» አሉኝ በቀስታ። «ብረት አይገባበትም። አባቶቻችን ቅርንጫፉን እንኳ ሳይሰብሩ ነው ያቆዩት።»

«አውቃለሁ፣ አባ። መላ አጥቼ ነው።»

«ምን ጭነሃል?»

«ሬሳ።»

ቄሱ ወደታች ወደ መኪናዋ አዩና «ሰዎቹስ የት አሉ?» አሉኝ።

«የሉም።»

«እንዴት የሉም? ከማን ጋር መጣህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ አባ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በኛ አገር ደሃ ይሞታል፣ እብድ ይሞታል፣ ወንበዴም ይሞታል፤ በአንድ ሰው ታጅቦ የሚሄድ ሬሳ ግን አይታይም። ሴቶቹ ከኋላ «ኧረ በስመ አብ!» ሲሉ ሰማሁ። ቄሱ ዘወር ብለው የቅሬያቸውን ዳኛ ጠሩ፣ አያ ሞላ የሚባሉ አጭር፣ ቆፍጣና ሰው። «ሞላ፣ ጡሩንባውን አስነፋ» አሏቸው።

እኔም ከታች የጀመርኩትን ጉድጓድ አሳይቼ የጎማውን ዘዴ ነገርኳቸው። አንድ ጎልማሳ ጣልቃ ገባ። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የቅሬያችን ሰው አይደለም። አናውቀውም። ደግሞ መኪና ለማውጣት ነው ጉድጓዱ፤ የቅሬ ዶማ ለሬሳ እንጂ ለመኪና አይነሳም። ባዶ ጉድጓድ ቆፍረን ጥለን ብንገባ ነገ ምን ሊመጣብን ነው?»

አላፌዘም፤ እውነቱን ነበር የፈራው። አንዳንዶቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ሞላ ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ ወዲያ ያለው መቃብር ተከፍቷል?»

«ጠዋት ተከፍቷል፣ አያ። ከእናቱ ጎን።»

«ዛሬ ካልደረሰ ክፍቱን ሊያድር ነዋ።»

«አዎ።»

አያ ሞላ ወደ ጎልማሳው ዞሩ። «ሰማህ? ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ይሄኛው ጉድጓድ የዚያኛው መንገድ ነው። ባዶም አይቀርም፣ ጎማውን እንቀብርበታለን፤ ተመልሶም አይወጣም።» ከዚያ ለኔ «ጎማህን ትሰጣለህ?» አሉኝ።

«እሰጣለሁ» አልኩ።

ጡሩንባው ተነፋ። ከየጎጡ ሰው ወረደ፣ ዶማና አካፋ ይዞ፣ ማን እንደሞተ እየጠየቀ። እኔ ቀኑን ሙሉ የታገልኩትን መሬት እነሱ እየተፈራረቁ ደርምሰው ከወገብ በላይ አወረዱት። መቃብር ሲቆፍሩ አካፋ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም፤ የደከመው መሬት ላይ ይጥለዋል፣ ተረኛው ያነሳዋል። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። አያ ሞላ አካፋቸውን ከእግሬ ሥር ጣሉት። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ወዲያ እያዩ ነው። አነሳሁት። ያቺን አካፋ ሳነሳ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም፤ ቆፈርኩ፣ ያ ብቻ ነው።

ሽቦውን በቸርኬው አሳልፈን ጎማውን አቁመን ቀበርነው፣ አፈርና ድንጋይ አለበስነው። አንድ ቀልደኛ «አባ፣ ፍትሐት አይደረግለትም?» አለ። ቄሱ «ዝም በል» አሉት፤ ጺማቸው ግን ተንቀሳቀሰ። ዊንቹን አስነሳሁ። ሽቦው ተወጠረ፣ ጉብታው ትንሽ ቃተተና ቆመ፣ ጎማው ያዘ። መኪናዋ ከጭቃው እየተንፏቀቀች ወጣች። ጌታሁን የገጠማት ዊንች ለመጀመሪያ ጊዜ የጎተተችው ጌታሁንን ነው።

ሽቦውን ቆርጬ መጠቅለል ጀመርኩና «እግዜር ይስጥልኝ» ልል ስል፣ ሰው የመኪናዋን ጎማ እየረገጠ ከኋላ ሲወጣ አየሁ። ሽማግሌዎቹን ወጣቶቹ በብብታቸው ይዘው አነሷቸው። «ወዴት ነው?» አልኩ።

«ወደ ቀብር ነዋ» አሉ አያ ሞላ። ያ የተከራከረው ጎልማሳ ከሌሎች ጋር በአቋራጭ በእግሩ ሽቅብ ጀምሯል።

አንዲት አልቃሽ ሴት ጋቢና ከቄሱ ጎን ተቀመጠች። መንገድ ስንጀምር ጠየቀችኝ። «የኔ ወንድም፣ ስሙ ማን ነው? የማን ወንድም ነው? ልጅ አለው? ምን ይወድ ነበር?»

ስሙን ነገርኳት፣ የአባቱን ስምም። ከዚያ ወዲያ ግን አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ውዬ እህት ይኑረው ወንድም፣ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። እሱም አልጠየቀኝም። «ምን ይወድ ነበር» ላለችው «ይቺን መኪና ከፍ ማድረግ» አልኳት፤ ሌላ አልመጣልኝም። መንደሩ ሲታይ ድምፅዋን አወጣች፦

መኪናውን ሁሉ ከፍ አድርጎ ሠርቶ፣
እሱ ተኛ አሉ ዝቅ ካለው ገብቶ።

ከኋላ ያሉት ተቀበሏት። መሪውን ይዤ፣ ማዶውን ማየት እስኪያቅተኝ አለቀስኩ።

ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ስትሆን ደረስን። አጎቱ በትራቸውን ይዘው ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመዋል፣ ከጥቂት ዘመድ ጋር። መኪናዋን ሙሉ ሰው፣ በአቋራጭም የመጣውን ሰው ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። «ብቻውን ነው የሚኖረው ሲሉን…» አሉ፤ አልጨረሱትም። ከዚያ አያ ሞላን «እናንተ የጌታሁን ምኑ ናችሁ?» ብለው ጠየቁ።

አያ ሞላ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጎረቤቶቹ ነን» አሉ።

ቀበርነው። ጉድጓዱ ባዶውን አላደረም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ብቸኝነቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ቤቴ ዛሬም ዝም ያለ ነው፤ ወርክሾፑ በር ላይ የሌላ ሰው ቁልፍ አለ፤ እሑድ ስልኩ ሲዘጋ ያው ነኝ። መኪናዋንም አልጠላሁም፣ ሰው ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ደህናዋ ናት። ግን በዚያች የሙጃ መንገድ ቅሬ ገባሁ፤ ዘመድ በሌለኝ አገር፣ ጎማዬን በቀበርኩበት። ላሊበላ እየኖርክ እዚያ ቅሬ ምን ያደርግልሃል የሚሉኝ አሉ። ጡሩንባ ሲነፋ እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ለኔ ይነፋል። መንጠቆዬ የሚይዘው ነገር አገኘ ማለት ነው፣ ሌላ አላውቅም።

መኪናዋ ላይ ያደረግሁት አንድ ለውጥ ብቻ ነው። ከኋላዋ የብረት መወጣጫ ሠራሁላት፣ ሽማግሌ እንዲወጣባት። በያጄ ስለሌለ ራሴ በየድኩት። ባለፈው ለቀብር ስንሄድ አያ ሞላ እግራቸውን አንስተው፣ መወጣጫውን አይተው፣ ቆም አሉ።

«ይሄን ማን በየደው?»

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«ያስታውቃል» አሉና ወጡበት።